ማስትና ሜይን በእጅ ሳስተምር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠያቂዬ በዝቷል። በቀደም ሀና ማርያም ሰፈራችን አዲስ የገባች ጎረቤቴ አጥሩን ተደግፋ፣ «እትዬ ዘውዴ፣ እንግሊዝኛ ነው አይደል ሲያስተምሩ የኖሩት?» አለችኝ።

«ነው» አልኳት።

«ታዲያ እንግሊዝኛውን ጨርሰውታላ!»

ሳቄ መጣ። እንኳን ልጨርሰው፣ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን የፈጀሁት በጣት በሚቆጠሩ ትናንሽ ቃላት ላይ ነው። ካን፣ ሜይ፣ ማይት፣ ሹድ፣ ማስት፣ ሃቭ ቱ። የሰዋስው መጻሕፍት ሞዳል ቨርብ ይሏቸዋል። ሰው የሚችለውን፣ የተፈቀደለትን፣ የሚበጀውንና የተገደደበትን የሚለዩት እነሱ ናቸው። ያስተማርኳቸው ልጆች ደግሞ መስማት የተሳናቸው ነበሩ።

ይህን ስነግራት ጎረቤቴ ፊቷን ሰብሰብ አድርጋ፣ «ለማይሰማ ሰው እንግሊዝኛ ምን ያደርግለታል?» አለች። ክፋት አልነበረባትም፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። አጥር ሥር ተቁሞ የሚመለስ ስላልሆነ ግን ቤት ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ሥራ የጀመርኩት ከአዲስ አበባ ርቃ በምትገኝ አንዲት የወረዳ ከተማ ነው። ሞዳል ቨርብን ያስተማርኩት ሁሉም እንደሚያስተምረው ነበር። ሰሌዳውን ለሁለት እከፍልና በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን እጽፋለሁ። ካን፣ ይችላል። ሜይ፣ ይችላል። ማይት፣ ይችላል። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ ሁሉም ይችላል ከሆኑ አንዱን ብቻ ተምረን ለምን አንገላገልም?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄ አለፍኩት። ጥያቄው ግን የምር ነበር፤ ለመመለስ ብዙ ዘመን ፈጅቶብኛል።

ባለቤቴ አዲስ አበባ ሥራ ሲያገኝ እኔም ዝውውር ጠይቄ ወደ ከተማ መጣሁ። የተመደብኩት መካኒሳ ውስጥ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ጌታሁን ወረቀቴን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «ለልዩ ክፍሎቹ የእንግሊዝኛ መምህር አጥተናል። ለጊዜው አንቺ ያዢልን» አሉኝ። ልዩ ክፍል የሚባሉት መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩባቸው ነበሩ። «ምልክት ቋንቋ እኮ አልችልም» ብላቸው፣ «ለጊዜው ነው አልኩሽ እኮ» አሉኝ። በመንግሥት ሥራ የኖረ ሰው «ለጊዜው» ማለት ስንት ዘመን እንደሆነ ያውቃል። ጡረታ የወጣሁት ከእነዚያው ክፍሎች ነው።

የመጀመሪያው ቀን አይረሳኝም። ገብቼ «ጉድ ሞርኒንግ» አልኩ። መልስ የለም። ወደ ሰሌዳው ዞሬ እየጻፍኩ፣ ከልማዴ የተነሳ ጀርባዬን ሰጥቼ ማስረዳት ቀጠልኩ። ስዞር ልጆቹ በእጃቸው ሞቅ ያለ ጨዋታ ይዘዋል። ከፊት የተቀመጠች ሰሚራ የምትባል ቀጭን ልጅ መነጽሬን ወደ ላይ ስገፋ የማደርገውን በጣቷ አስመስላ ለጓደኞቿ አሳየች። ሁሉም ሳቁና አስመሰሉት። የምልክት ስም እንደወጣልኝ ያወቅኩት ኋላ ነው። እስከ ዛሬ በዚያ ሰፈር መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚጠሩኝ በዚያው ነው፤ መነጽር ገፊዋ።

ሳቁ ሳይበርድ የክፍሉ መብራት ጠፍቶ በራ። ልጆቹ በአንዴ ጸጥ ብለው ወደ በሩ ዞሩ። በሩ ላይ ኮታቸውን እስከ አንገት የቆለፉ፣ ሸበት ያሉ ሰው እጃቸውን ማብሪያ ማጥፊያው ላይ አድርገው ቆመዋል። ጋሽ በየነ ናቸው፤ የሒሳብ መምህር። በልጅነታቸው በማጅራት ገትር ታመው መስማት ያቆሙ፣ ያም ሆኖ ተምረው ዲግሪ የያዙ ሰው ነበሩ። ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው መዳፌ በምታህል ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ፦ «ጀርባሽ አያወራም።»

ከማግስቱ ጀምሮ እሳቸው አስተማሪዬ ሆኑ። ከክፍል በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ምልክት ያስተምሩኛል። ስሳሳት አያርሙኝም፤ ያልኩትን መልሰው ያሳዩኛል። አንድ ቀን «ርቦኛል» ያልኩ መስሎኝ እሳቸው ግን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ልማዶቻቸው ብዙ ነበሩ። የሁሉም ዓይን እሳቸው ላይ ካላረፈ እጃቸውን አያነሱም። አንድ ልጅ በመስኮት እያየ ከሆነ ቆመው ይጠብቁታል፤ ሌሎቹ ራሳቸው ይጎስሙታል። ጠመኔ ይዘው ምልክት አይሠሩም፤ መጀመሪያ ያስቀምጣሉ፣ እጃቸውን ያራግፋሉ፣ ከዚያ ይናገራሉ። አበባ ያለበት ሸሚዝ ለብሼ ስገባ «እጅሽ ጠፋብን» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ ጠቆር ያለ፣ አንድ ወጥ ቀለም ያለው ልብስ ነው የምለብሰው። ወንበሮቹን በግማሽ ክብ ያስቀምጣሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ሁሉ እንዲያየው። ከሁሉም በላይ ግን ማንኛውንም ዓረፍተ ነገር ከማስረዳታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ ነበር። «ማን ነው የሚናገረው? ለማን?» የሒሳብ ጥያቄ ላይ ሳይቀር። «ነጋዴው ብርቱካን ሸጠ» የሚል ካለ ነጋዴው ማን እንደሆነ፣ ለማን እንደሸጠ ልጆቹ ተነስተው ሳይሠሩት ወደ ቁጥሩ አይሄዱም።

ያ ጥያቄ ለሞዳል ቨርብ የተፈጠረ ነበር። ማስት ፖሊስ ሾፌሩን «ዩ ማስት ጎ» ሲለውና እናት እንግዳዋን «ሳትበላማ አትሄድም» ለማለት «ዩ ማስት ኢት» ስትለው አንድ አይደለም። ልጆቹ ይህን በፊታቸው ያውቁታል። በምልክት ቋንቋ ቅንድብ ሰዋስው ነው። ያው እጅ፣ ቅንድብ ሲቋጠር ትእዛዝ፣ ፊት ለስለስ ሲል ምክር ይሆናል። ስለዚህ ማስትና ሹድን በድምፅ ከሚማር ልጅ ይልቅ የእኔ ልጆች ቶሎ ለዩአቸው። ሜይን ደግሞ ሁለት መዳፍ እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ አድርገን፣ አንገት ዘንበል አድርገን አሳየን፤ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ካን ግን ሁለት የተጨበጡ እጆች ሆኖ ጸና። ያ የወረዳ ከተማ ተማሪ ቢያየን ኖሮ ጥያቄው ተመልሶለት ነበር።

ልጆቹ ማስት ካዩ በኋላ «ቱ» ይጨምራሉ፤ ካን ካዩ በኋላ ግሱ ላይ «ኤስ» ይለጥፋሉ። ጋሽ በየነ ይህን አይተው ኮታቸውን አንዱ ልጅ ላይ ደረቡለት። «ይህ ግስ ነው፤ ኮቱ ቱ እና ኤስ ነው» አሉ። ሌላውን በር ላይ አቆሙትና «አንተ ካን ነህ» አሉት። ግሱ በካን በኩል ሲያልፍ ካን ኮቱን ይገፈዋል። «ሞዳል ፊት ኮት ለብሶ አይገባም።» ኮቱ ስለሚሰፋው ልጁ ሲሄድ መሬት ይጠርግ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ «ማስት ቱ» የጻፈ ልጅ ጓደኞቹ ኮት ሲያወልቁ ያሳዩታል፤ እኔ መናገር አያስፈልገኝም።

«ሒ ማስት ቢ ታየርድ» የሚለው ላይ ግን ተቸገርን። ሰሚራ አነበበችና፣ «ማን አስገደደው እንዲደክመው?» ብላ ጠየቀች። ደስ ያለኝ ጥያቄ ነው። መንገድ ላይ አንድ ሰው እየተንገዳገደ ሲሄድ ካየን «ደክሞት መሆን አለበት» እንላለን፤ ማንም አላስገደደውም፣ እኛ ነን ከምልክቱ የገመትነው። ሰሚራ ተነስታ በክፍሉ ውስጥ ተንገዳገደች፤ ሌሎቹ ግንባራቸውን በጣት እየነኩ ገመቱ። ግምት የሚሆነው ማስት ከዚያ በኋላ ከግንባር ይጀምር ጀመር።

ሰሚራ እንዲህ ያለች ልጅ ነበረች። አባቷ ጋሽ ከድር መካኒሳ ውስጥ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ሳሙናና ዘይት የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። ከስልጤ ወጥተው በጉልበታቸው የቆሙ፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ ሰው ናቸው። ለልጃቸው ይሳሱላታል፤ ምልክት ግን አያውቁም። ከእሷ ጋር የሚግባቡት በመጠቆም ነበር። እንጀራ ይጠቁማሉ፣ በር ይጠቁማሉ፣ ሰዓት ይጠቁማሉ። ከዚያ ያለፈ ወሬ በመካከላቸው አልነበረም።

ሰሚራ ትምህርቷን ጨርሳ፣ በቴክኒክና ሙያ የግራፊክስ ሥራ ተማረች። በኮምፒውተር የመጽሐፍ ገጽ ስታሰናዳ አይቻታለሁ፤ ከእጇ ምንም አያመልጥም። አንድ ትልቅ ማተሚያ ቤት ማመልከቻዋን ተቀብሎ ለቃለ መጠይቅ ጠራት። ኃላፊዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ስለነበሩ በስልኳ የተላከው መልእክት በእንግሊዝኛ ነው። መጨረሻው ላይ ስለ አስተርጓሚ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረበት። «ካንዲዴትስ ዱ ኖት ሃቭ ቱ ብሪንግ አን ኢንተርፕሪተር።»

ሰሚራ እኔ እንዳስተማርኳት አነበበችው። አመልካቾች አስተርጓሚ ማምጣት የለባቸውም። በእኛ ክፍል ለግዴታ አንድ ምልክት ነበር፤ ራስ ሲነቀነቅበት «የለበትም» ይሆናል። ማስት ኖትም በእሱ ነበር የሚሄደው፣ ዶንት ሃቭ ቱም በእሱ። አማርኛችንም ረድቶናል አልልም፤ «የለብህም» ስንል ክልክል ነው ማለታችንም ሊሆን ይችላል፣ ግዴታ አይደለም ማለታችንም። የመማሪያ መጽሐፉም በዚሁ ቃል ነው የተረጎመው። ማተሚያ ቤቱ ያለው «ከፈለጋችሁ አምጡ፣ ካልፈለጋችሁ ተዉት» ነው። እሷ የገባት «እንዳታመጡ» ነው። ሥርዓት አክባሪ ልጅ ስለሆነች ለእኔ እንኳን ሳትነግረኝ ብቻዋን ሄደች።

ኋላ እንደነገረችኝ፣ ጠያቂዎቹ ይናገራሉ፤ እሷ ከንፈራቸውን ትከታተላለች። አንዱ ፂሙ አፉን ሸፍኖታል፤ ሌላው ኮምፒውተሩን እያየ ነው የሚጠይቀው። ወረቀት ስታቀርብላቸው አንድ ሁለት ቃል ጽፈው ተዉት። የሠራችውን ሥራ እንኳን ሳያዩላት በፈገግታ ሸኟት። በወረቀቱ ጥግ ላይ «ዊ ዊል ኮል ዩ» ብለው ጽፈውላት ነበር፤ ለማትሰማ ልጅ እንደውልልሻለን!

በማግስቱ ከአባቷ ጋር ትምህርት ቤት መጣች። ዓይኗ አብጧል። ጋሽ ከድር ሰላምታ እንኳን በቅጡ አልሰጡኝም።

«ቲቸር፣ ልፋትዎትን አልረሳም» አሉኝ። «ግን ይብቃት። ሱቅ አለኝ፣ ጎኔ ትቀመጥ። ሰው ፊት አቅርቤ አላስቅባትም።»

«ማንም አልሳቀባትም ጋሽ ከድር። ሳይግባቡ ነው የቀሩት።»

«ያው ነው። እኔስ ከእሷ ጋር መቼ ተግባባሁ? ግን አባቷ ነኝ፣ አልጥላትም። እነሱ ምኗ ናቸው?»

ሰሚራ ምን እንደምንባባል ከፊታችን ገብቷታል። ስልኳን ገፋችልኝ፤ ዓረፍተ ነገሩን በጣቷ እየመታች በእጇ አስከተለች፤ ግዴታ፣ ከዚያ ራስ መነቅነቅ። «አንቺ ያስተማርሽኝ ይህን ነው። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?» በሰዋስው ፈተና ላይ አንድ ነጥብ የሚያስቀንስ ነገር እዚህ የልጅ እንጀራ ሲያስቀር በዓይኔ አየሁ። በሥራ ዘመኔ ያን ያህል የከበደኝ ቀን የለም።

ጋሽ በየነን ጠራኋቸው። አጽናኑልኝ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ስልኩን አነበቡ፤ ሄደው ሰሌዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠረጉት። ዓረፍተ ነገሩን ጻፉ፤ ጠመኔውን አስቀመጡ፤ እጃቸውን አራገፉ። ከዚያ ወደ ሰሚራ ዞረው፣ «ማን ነው የሚናገረው? ለማን?» አሏት።

ሰሚራ ተናዳ መለሰች። «ማተሚያ ቤቱ። ለእኔ።»

«የሚከለክልሽ ቢሆን ምን ያገኛል?»

ሰሌዳውን ደግማ አየች። አሰበች። «ምንም።»

«ታዲያ ይህ ክልከላ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ሌላ ነገር ምልክት የለንም። አምጪ።»

ጋሽ ከድር ምንም ሳይገባቸው ከበሩ አጠገብ ቆመው ያያሉ። ሰሚራ አባቷን አየች፤ ለረጅም ጊዜ። ከዚያ ወገቧን ጎበጥ አድርጋ ከባድ ነገር ትከሻዋ ላይ እንዳለ ሆነች። አባቷ ሱቅ ፊት ሽንኩርት የሚያራግፉትን ተሸካሚዎች ነበር የምትሠራው። ጆንያው ሲከብዳት አሳየች፤ ይህ ማስት ነው። ከዚያ ጆንያውን ከትከሻዋ አሽቀንጥራ ጣለች፣ ቀና አለች፣ እጇን አቧራ እንዳለበት አጨበጨበች፣ ትከሻዋን ነቀነቀች። ልሸከም ብል እችላለሁ፤ ግን ያስገደደኝ የለም። ዶንት ሃቭ ቱ! ወዲያው ደግሞ መዳፏን እንደ ግድግዳ ፊታችን ላይ ደቀነች፤ መንገድ ዝግ ነው። ማስት ኖት።

ጋሽ በየነ በእግራቸው ወለሉን መቱ። እሳቸው ጮክ ብለው «ጎሽ!» የሚሉት እንደዚያ ነበር። ዓይኗ ያበጠው ልጅ ሳቀች። ጋሽ ከድር፣ «ምን አለች? ተሸካሚ ሆነች እኮ!» አሉኝ። አስረዳኋቸው። «ሱቄን ስታስተውል ኖራለች ማለት ነው» አሉና ራሳቸውን እያወዛወዙ ሄዱ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ትምህርቱን ከሥሩ ቀየርነው። ሰሌዳን ለሁለት መክፈል ቀረ። ማንኛውም ሞዳል ያለበት ዓረፍተ ነገር በሰው ይሠራል፤ ሐኪምና በሽተኛ፣ ረዳትና ተሳፋሪ፣ አከራይና ተከራይ። አከራዩ «ዩ ማስት ኖት ዋሽ ክሎዝስ ሂር» ሲል ግድግዳው ይቆማል፤ «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ፔይ ፎር ዋተር» ሲል ጆንያው ይወርዳል፣ ተከራዩም ይጨፍራል። ሰሚራ ራሷ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች ትናንሾቹን ታሠራልኝ ነበር። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲመጣ የእንግሊዝኛው ከሁሉም ትምህርት በልጦ አገኘነው። አቶ ጌታሁን ውጤቱን ይዘው ክፍሌ መጡና በሩ ላይ ቆመው አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አዩን። ሲወጡ፣ «በሚሰሙት ክፍሎችም ይሞከር እንዴ?» አሉኝ። ተሞከረ። በመምህራን ስብሰባ ላይ ሳይቀር አንዱ «ቅዳሜ መገኘት የለብንም?» ሲል አቶ ጌታሁን አፋቸውን ሳይከፍቱ ጆንያ ያወርዱለት ጀመር። ደመወዝ ሲጨመር ያን ያህል አልተደሰትኩም።

ያው ማተሚያ ቤት እንደገና ማስታወቂያ ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰሚራ መጀመሪያ አሻፈረኝ አለች። ጋሽ በየነ አልለመኗትም። «ግዴታ የለብሽም» አሏት፤ በእሷው ምልክት ጆንያውን እያወረዱ። ለአንድ ቀን አኮረፈች። በሁለተኛው ቀን መጥታ፣ «እሄዳለሁ። አንቺም ትመጫለሽ» አለችኝ።

ጠቆር ያለ ልብሴን ለብሼ አብሬያት ገባሁ። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጡት ኃላፊ ሱፍ የለበሱ፣ ደግ ፊት ያላቸው የውጭ አገር ሰው ናቸው። ልክ እንደተቀመጥን ወደ እኔ ዞረው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እያንዳንዱን ቃል እየጎተቱ፣ «ካን፣ ሺ፣ ዩዝ፣ ኮምፒውተር?» አሉ።

ለሰሚራ አቀበልኳት። እሷ ቀጥ ብላ እሳቸውን እያየች በእጇ መለሰች፤ እኔ ድምፅ ሆንኩላት። «የስ፣ አይ ካን። በት ዩ ሹድ ሉክ አት ሚ፣ ኖት አት ኸር።»

ሰውየው ደንገጥ ብለው ወደ እሷ ዞሩ። ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ግን ከበፊቱ የበለጠ ጮኸው ቀጣዩን ጥያቄ ጠየቁ። የጎን ክፍል ሰዎች ሳይቀሩ በመስታወቱ አዩን። ሰሚራ እጇን አነሳች። ከትከሻዋ ላይ አንድ ከባድ ጆንያ አውርዳ ጣለች፣ እጇን አራገፈች፣ ፈገግ አለች። እኔም ሳቄን እየዋጥኩ ተናገርኩ። «ሰር፣ ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ሻውት። ዩ ካን ራይት።»

ኃላፊው ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተለጥጠው ከልባቸው ሳቁ። ከጎናቸው የተቀመጠው ያ የበፊቱ ፂማም ጠያቂም ሳቀ። ወረቀት ወጣ፤ ጥያቄና መልስ በጽሑፍ ሆነ። እኔ ቀስ በቀስ ሥራ ፈት ሆኜ ቁጭ አልኩ። ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠው የተዘበራረቀ ገጽ ሰጧት። አስተካክላ ስትጨርስ ሰውየው መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ወደ ስክሪኑ ተጠግተው አዩ። ሌላ ሰው ጠርተው አሳዩ። በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ፣ «ዌን ካን ዩ ስታርት?» ብለው ጻፉላት።

ሰሚራ እስክሪብቶውን ተቀብላ ጻፈች። «አይ ካን ስታርት ናው። ሜይ አይ ቴል ማይ ፋዘር ፈርስት?»

አንዲት ስሕተት የለበትም። ቱ የለም፣ ኤስ የለም። ካን በቦታው፣ ሜይ በቦታው። አንዱ ችሎታ፣ አንዱ ፈቃድ። እዚያው ተነስቼ ማጨብጨብ አማረኝ።

ከታክሲ ወርደን ሱቁ ስንደርስ ጋሽ ከድር ለደንበኛ ድንች እየመዘኑ ነበር። ፊታችንን አይተው ሚዛኑን ተዉት።

«ተቀጠረች» አልኳቸው።

«የምር?»

«በራሷ እጅ ጽፋ።»

ሰውየው ወደ ልጃቸው ዞሩ። እጃቸውን አነሱ፤ የሚጠቁሙት ነገር ጠፋቸው። እንጀራ አይደለ፣ በር አይደለ፣ ሰዓት አይደለ። በመጨረሻ እጃቸው አየር ላይ እንደቀረ ወደ እኔ ዞረው፣ ያ ጎላ ያለ ድምፃቸው ቀጥኖ፣ «ቲቸር፣ ልጄን ምን ልበላት? እንዴት ነው የሚባለው?» አሉኝ።

«ኮራሁብሽ» የሚለውን ምልክት አሳየኋቸው። ጣታቸው ወፍራም ስለሆነ ሦስት ጊዜ ተሳሳቱ። ሰሚራ እጃቸውን ይዛ አስተካከለችላቸው። ደንበኛው ድንቹን ጥሎ ቆሞ ያያል። ጋሽ ከድር ምልክቱን በትክክል ሲሠሩት ልጅቷ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

ጋሽ በየነ ከእኔ ቀድመው ጡረታ ወጡ። አሁን እኔም ወጥቻለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን በዚያው ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ተፈቅዶልን ሁለታችን ወላጆችን ምልክት ቋንቋ እናስተምራለን። መጀመሪያ የተመዘገቡት ጋሽ ከድር ናቸው። ምልክት ሲሠሩ ይጮኻሉ፤ ጋሽ በየነ እንደማይሰሟቸው ብንነግራቸውም አልተዉም። ቤት ውስጥ ከሰሚራ ጋር ይለማመዳሉ፤ መጥተው ያለፈውን ሳምንት ትምህርት ያሳዩናል።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ጠዋት ሽንኩርት ልገዛ ሱቃቸው ቆሜያለሁ። ሰሚራ ከመንገዱ ማዶ ታክሲ ትጠብቃለች። ሚኒባሶቹ ጥሩምባ ይነፋሉ፣ ረዳቶቹ ይጮኻሉ። ጋሽ ከድር ከባንኮኒው ኋላ ወጡና እጃቸውን ከፍ አድርገው ልጃቸውን ጠሩ። ሰሚራ አየቻቸው። ቅንድባቸውን ቋጥረው፣ እዚያ ሁሉ ግርግር መሀል፣ በምልክት ማታ ቶሎ መምጣት አለብሽ አሏት። የግዴታው ምልክት ጠንካራ ነው፤ ትከሻቸው በከባድ ጆንያ ሥር ጎበጠ።

ሰሚራ አንገቷን ዘንበል አደረገች። ሁለት መዳፎቿን እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አደረገች። ከዚያ ታክሲው መጣና ገባች።

«ምን አለችኝ?» አሉኝ።

«'እመጣ ይሆናል' አለችዎት።»

«ይሆናል? አባቷን? ይሆናል?» ብለው ጮኹ። መንገደኛው ሁሉ ዞረ። ጋሽ ከድር ግን እየሳቁ ነበር፤ ዓይናቸው እርጥብ ሆኗል። አባትና ልጅ በአንድ ቤት ያን ያህል ዘመን ኖረው ሲከራከሩ ገና ማየቴ ነበር።

ሽንኩርቴን ሳይመዝኑ ሞልተው እያቀበሉኝ፣ «ቲቸር» አሉኝ፣ «ቅዳሜ 'እናያለን' የሚለውን ያስተምሩኝ። መልስ መስጠት አለብኝ።»